ለብርድ ወራት ማዕድ ዋጋው የማይጎዳ ቀይ ወይን፦ የትኛው ከየትኛው ድስት ጋር?

ብርድ ሲጠና የሰው ማዕድ ይከብዳል። ድስቱ ለረጅም ሰዓት እሳት ላይ ይውላል፣ ሥጋው ከነአጥንቱ ይበስላል፣ ቅባቱ ይበዛል፣ መረቁም ይወፍራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ምግብ ቀይ ወይን ጠጅ የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ምክር «ከባድ ምግብ ከባድ ወይን ይፈልጋል» የሚል ነው። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ወጪውን መቆጠብ የሚፈልግ ገዢ ይህን ግማሽ ምክር ብቻ ይዞ ከመደርደሪያው ፊት ሲቆም እጁ የሚሄደው ቀለሙ ወደ ጠቆረው፣ አልኮሉ ወደ በዛው፣ ጠርሙሱም ወደ ከበደው ነው። በአነስተኛ ዋጋ በሚሸጥ ወይን ውስጥ ግን ጉልበት ሞልቷል፤ የሚጠፋው አፍን የሚያነቃው፣ ምግቡን ደግሞ ደጋግሞ እንዲበላ የሚያደርገው ኮምጣጣነት ነው። ስለዚህ በዚህ ንጽጽር ውስጥ አንዱን ወይን ከሌላው ሳስበልጥ በአብዛኛው የማየው ይህንኑ ነው።

አንድ ጊዜ የበሬ ቅልጥም ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር ከ3 ሰዓት በላይ አብስዬ ለእንግዶች አቀረብኩ፤ ከአጠገቡም 15 ከመቶ አልኮል ያለበት፣ እንደ ቀለም የጠቆረ ፕሪሚቲቮ የሚባል የጣሊያን ቀይ ወይን አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጉንጭ ሁሉንም አስደሰተ። ሦስተኛው ላይ ሲደረስ ግን ምግቡም ወይኑም በአንድነት ከበዱ። መረቁ ወፍራምና ወደ ጣፋጭነት ያደላ፣ ወይኑም ወፍራምና ወደ ጣፋጭነት ያደላ ስለነበር አንዱ ሌላውን የሚያቃናበት ነገር ጠፋ፤ ማዕዱ ሲነሣ ከብርጭቆዎቹ አብዛኞቹ ከግማሽ በታች አልወረዱም ነበር። በማግስቱ የተረፈውን አሙቄ በግማሽ ዋጋ ከገዛሁት ባርቤራ ከሚባል ቀለል ያለ የጣሊያን ቀይ ወይን ጋር በላሁት። ወይኑ ብቻውን ሲጠጣ ቀጭንና ትንሽ ጥርስ የሚጠርስ ነበር፤ ከመረቁ በኋላ ሲጠጣ ግን ቅባቱን ከምላሴ ላይ ጠርጎ ወሰደው፣ ቀጣዩም ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ጣፈጠኝ።

በአፍ ውስጥ የሚሆነው

የጠርሙሶቹን ስም ከማስታወስ ይልቅ ወይንና ምግብ ሲገናኙ የሚሆነውን ማወቅ የበለጠ ይጠቅማል። ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር፣ አንዳንዴም ከበርሜሉ እንጨት የሚመጣው ታኒን በምራቃችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፤ ምራቁ የማለስለስ ኃይሉን ስለሚያጣም ድዳችንና ምላሳችን ይደርቃሉ፣ ይሻክራሉ። ብዙ ቆይቶ የጠቆረ ሻይ ያለ ስኳር የጠጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ሥጋ ወይም አይብ አብሮ ሲቀርብ ታኒኑ የሚይዘው ሌላ ፕሮቲንና ቅባት ስለሚያገኝ አፋችንን በመጠኑ ይተወዋል፤ ጨውም ምሬቱን ይሰብራል። ብቻውን ሲቀመስ ሻካራ የነበረ ወይን ከሰባ ሥጋ ጋር የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የወይኑ ኮምጣጣነት ሥራው ሌላ ነው። ምራቅን ያመነጫል፣ ቅባት የለበሰውን ምላስ ያጥባል። ሆኖም አንድ ሕግ አለበት፤ ምግቡ ከወይኑ የበለጠ ኮምጣጣ ከሆነ ወይኑ ውሃ ውሃ ይላል። ጣፋጭነትም የራሱ ጣጣ አለው። ማር፣ የደረቀ ፕሪም ወይም ብዙ ካሮት የገባበት መረቅ ስኳር የሌለውን ወይን ይበልጥ መራራና ኮምጣጣ ያስመስለዋል። አልኮል ደግሞ የቃሪያን ማቃጠል ያባብሳል።

ይህን በገዛ አፍ መፈተን ይቻላል። አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን፣ ቁራጭ ሎሚ፣ ቆንጠር የተደረገ ጨው፣ ግማሽ ማንኪያ ማርና ትንሽ ቁራጭ ጠንካራ አይብ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። መጀመሪያ ወይኑ ብቻውን ይቀመስ። ከዚያ ሎሚው ይላስና ወይኑ ይደገም፤ ቅድም ኮምጣጣ የነበረው ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። ከጨው በኋላ ፍሬያማነቱ ይጎላል፣ ከማር በኋላ ሻካራና ባዶ ይሆናል፣ ከአይቡ በኋላ ደግሞ ታኒኑ ይገራል። ለ5 ደቂቃ ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ከዚህ ጽሑፍ የሚፈልገው ስሞቹን ብቻ ነው።

ቀስ ብሎ ለበሰለ የበሬ ሥጋ፦ ኮት ዱ ሮን፣ ማልቤክ ወይስ ካበርኔ?

ቅልጥም፣ ጉንጭና ጭራ ብዙ ጅማት ያለባቸው ክፍሎች ናቸው። ለሰዓታት ሲበስሉ ጅማቱ ወደ ጄላቲን ተለውጦ መረቁን ያወፍረዋል፤ ከንፈርን የሚያጣብቀው እሱ ነው። ይህ ዓይነቱ መረቅ መጠነኛ ታኒን፣ በቂ ኮምጣጣነትና ትንሽ የቅመም ሽታ ያለበትን ወይን ይወዳል። በአነስተኛ ዋጋ ሦስት አማራጮች በተደጋጋሚ ይቀርባሉ፤ እኔ እኩል አላያቸውም።

ከደቡብ ፈረንሳይ የሚመጣው ኮት ዱ ሮን የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ስያሜው በሕግ የጸናው በ1937 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን ቀዩ ወይን በአብዛኛው የሚሠራው ግሬናሽን ከሲራና ከሙርቬድር ጋር በማደባለቅ ነው። ግሬናሽ ሙቀትና የቀይ ፍሬ ጣዕም ይሰጣል፤ ሲራ ቀለምንና የቁንዶ በርበሬ ሽታን ያመጣል፤ ሙርቬድር ጥቂት ሲገባ አጥንት ይሆነዋል። የሲራ የቁንዶ በርበሬ ሽታ በነገራችን ላይ የቃላት ማሳመሪያ አይደለም። ሮተንዶን የሚባለው ውህድ በሲራም በቁንዶ በርበሬም ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ በቁንዶ በርበሬ የታሸ ሥጋና ይህ ወይን በአንድ ሽታ ይገናኛሉ። ከተራው ኮት ዱ ሮን አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ኮት ዱ ሮን ቪላዥ ነው፤ ጭማሪው በአብዛኛው ትንሽ ስለሚሆን አቅም ከፈቀደ የሚያዋጣ ይመስለኛል። ከዚያ በላይ ያሉት ዢጎንዳስና ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የዚሁ ዝርያ ቤተሰብ ቢሆኑም ዋጋቸው ከዚህ መመሪያ ይወጣል።

ከዚሁ ከፈረንሳይ ደቡብ፣ ግን በምዕራብ በኩል፣ የላንግዶክ አካባቢ አለ። ኮርቢየር፣ ሚኔርቩዋ፣ ሴን ሺንያን የሚሉ ስሞች ጠርሙሱ ላይ ሲገኙ ካሪኛን የሚባለው ዝርያ ከእነዚሁ ግሬናሽና ሲራ ጋር ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል። ስማቸው ከሮን ስም ስለሚያንስ በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ ወይን የሚገኝባቸው ጊዜያት አይጠፉም። ጉዳታቸው ወጥ አለመሆናቸው ነው፤ አንዱ ጠርሙስ የጦስኝና የደረቀ ኮረብታ ሽታ ይዞ ሲመጣ ሌላው ሻካራና ደረቅ ይሆናል። ሁለት ጠርሙስ የሚገዛ ሰው አንዱን ኮት ዱ ሮን፣ ሌላውን ኮርቢየር ቢያደርግና ጎን ለጎን ቢቀምስ በኋላ ለዓመታት የሚያገለግለውን እውቀት በአንድ ምሽት ያገኛል።

የአርጀንቲናው ማልቤክ ለብዙ ሰው የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝርያው መነሻው ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ሲሆን ካኦር በምትባለው ከተማ ዙሪያ እስከ ዛሬ ይበቅላል፤ እዚያ ግን የሚሰጠው ወይን ጥቁርና ቆፍጣና ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ አርጀንቲና ከተሻገረ በኋላ በሜንዶዛ ከፍታ ላይ ለስላሳ ጠባይ አወጣ። እርሻዎቹ በግምት ከ600 እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ያበስላል፣ ሌሊት ብርዱ ኮምጣጣነቱን ይጠብቃል። ከርካሾቹ ማልቤኮች ጋር ያለኝ ቅሬታ ብዙዎቹ የሚሠሩት ብቻቸውን ሲቀመሱ እንዲያስደስቱ መሆኑ ነው፤ ፕሪምና ቫኒላ ይበዛባቸዋል፣ ከመረቅ ጋር ሲሆኑም ድምፃቸው ይቀንሳል። ለፍም ጥብስ ለሰባ የበሬ ሥጋ እጅግ ጥሩ ናቸው፤ ካሮትና ሽንኩርት ጣፋጭ ላደረጉት ወፍራም ወጥ ግን ከኮት ዱ ሮን በኋላ አስቀምጣቸዋለሁ። በሜንዶዛ ካለው ከኡኮ ሸለቆ የመጣ ማልቤክ ከተገኘ፣ ከፍታው ስለሚጨምር፣ ይህ ጉድለት ይቀንሳል።

ካበርኔ ሶቪኞን ከሦስቱ በታኒን የሚበልጥ ሲሆን በአነስተኛ ዋጋ አስተማማኙ የቺሊው ነው። የዘር ሐረጉ በ1997 በዘረ መል ምርመራ ሲታወቅ ወላጆቹ ካበርኔ ፍራንና ነጩ ሶቪኞን ብላን ሆነው ተገኙ፤ ጥቁር ወይን ከነጭ እናት ወይም አባት መወለዱ ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። ካበርኔ ከወጥ ይልቅ ለጥብስ ይሆናል። ውጭው የጠቆረ፣ መሃሉ የቀላ፣ ጨው በደንብ ያገኘ ሥጋ ሲሆን ታኒኑ ሥራ ያገኛል፤ ለ4 ሰዓት በስሎ የፈራረሰ ሥጋ ላይ ግን ታኒኑ የሚይዘው ነገር አጥቶ ይሻክራል።

የቺሊ ነገር ከተነሣ ካርሜኔርን ማለፍ አይገባም። ይህ ዝርያ ከፈረንሳይ ቦርዶ ወደ ቺሊ ከተወሰደ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሜርሎ የሚባለው ሌላ ዝርያ ነው ተብሎ ሲተከልና ሲሸጥ ኖረ፤ በ1994 ፈረንሳዊው የወይን ዝርያ ሊቅ ዣን ሚሼል ቡርሲኮ ካርሜኔር መሆኑን ለየው። አረንጓዴ ቃሪያ የሚመስል ሽታ አለው፤ አንዳንድ ሰው ይጠላዋል፣ እኔ ግን የተጠበሰ የቃሪያ ዘርና ቲማቲም ለገባበት የበሬ ወጥ ከማልቤክ እመርጠዋለሁ።

ቲማቲም ያለበት ድስት

ላዛኛ፣ የተፈጨ ሥጋ ያለበት የፓስታ ስጎ፣ በቲማቲም የበሰለ ሥጋ፤ እዚህ ላይ ክርክሩ አጭር ነው። ቲማቲም ኮምጣጣ ስለሆነ ኮምጣጣ ወይን ይፈልጋል፣ ኮምጣጣ ቀይ ወይን በጥሩ ዋጋ የምታቀርበውም ጣሊያን ናት። ሦስት ስሞች ይበቃሉ፤ ኪያንቲ፣ ባርቤራና ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩጾ።

ኪያንቲ የቶስካና ወይን ሲሆን ዋና ዝርያው ሳንጆቬዜ ነው፤ ተራው ኪያንቲ ቢያንስ 70 ከመቶ፣ ኪያንቲ ክላሲኮ ደግሞ ቢያንስ 80 ከመቶ ሳንጆቬዜ እንዲኖርበት ደንቡ ያዛል። ኮምጣጣነትም ታኒንም ስላለው ሥጋና ቲማቲም በአንድነት ለገቡበት ምግብ የተዘጋጀ ይመስላል። ችግሩ ስሙ ዝነኛ መሆኑ ነው። በጣም ርካሹ ኪያንቲ ብዙ ጊዜ ቀጭንና ደረቅ ሲሆን የተሻለውን ለማግኘት ዋጋው ከፍ ይላል።

ባርቤራ ከፒየሞንቴ ነው። ኮምጣጣነቱ ከፍተኛ፣ ታኒኑ ደግሞ ዝቅተኛ ስለሆነ ከማንኛውም ቅባት ጋር ይስማማል፤ የሻከረ ወይን የማይወድ እንግዳ ያለበት ማዕድም ላይ አይሳሳትም። ጠርሙሱ ላይ ባርቤራ ዳስቲ ወይም ባርቤራ ዳልባ ተብሎ ይጻፋል። ለቲማቲም ድስት አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩጾ ከአድሪያቲክ ባሕር ጎን ካለችው ከአብሩጾ ይመጣል፤ ደንቡ ቢያንስ 85 ከመቶ ሞንቴፑልቻኖ የሚባለውን የወይን ዝርያ ይጠይቃል። ቀለሙ የጠቆረ፣ ጣዕሙ ክብ፣ ኮምጣጣነቱ ከባርቤራ ያነሰ ነው፤ አይብ የበዛበት ላዛኛ ላይ ከሁለቱም ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ገዢን የሚያሳስት የስም መመሳሰል አለ፤ ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ የሚባለው በቶስካና ባለች ሞንቴፑልቻኖ በምትባል ከተማ ስም የተጠራ ሲሆን የሚሠራው ከሳንጆቬዜ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። በአንዱ ጠርሙስ ላይ ስሙ የዝርያ ነው፣ በሌላው ላይ የከተማ።

የበግ ሥጋና የስፔን ጠርሙሶች

በጥብስ ቅጠልና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ የበግ ጭን ሽታው ጠንከር ያለ፣ ስቡም የራሱ ጠባይ ያለው ነው፤ ስቡ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ስለሚረጋ አፍ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ቴምፕራኒዮ ከሚባለው ዝርያ የተሠራ፣ በርሜል ውስጥ የቆየ ወይን እመርጣለሁ፣ እሱም ሪዮሃ ከሚባለው የስፔን አካባቢ ሪዮሃ ክሪያንሳ በሚለው ስም ይሸጣል።

ሪዮሃ ለገዢው የሚመቸው የማቆያ ጊዜውን በጠርሙሱ ላይ ስለሚናገር ነው። ሆቨን የሚባለው ገና ወጣቱ ነው። ክሪያንሳ ቢያንስ 2 ዓመት የቆየ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱን በ225 ሊትር የኦክ በርሜል ውስጥ ያሳልፋል፤ ሬሴርቫ 3 ዓመት፣ ግራን ሬሴርቫ 5 ዓመት ይጠብቃሉ። ክሪያንሳ የሚለው ቃል ከሪዮሃ ውጭ በስፔን ሌላ አካባቢ ሲጻፍ የበርሜሉ ጊዜ በአጠቃላይ ደንቡ እስከ 6 ወር ሊያጥር ይችላል፤ ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውንም ስም ማየት ያስፈልጋል። በልማድ ብዙ አምራቾች የአሜሪካ ኦክ ስለሚጠቀሙ ቫኒላና ኮኮናት የሚመስል ሽታ ይሸታል፤ ይህም የተጠበሰ በግ ውጪው ላይ ካለው ቡናማ ቅርፊት ጋር ይስማማል። ሌላ ሰው አስቀምጦ ያቆየልንን ወይን በመጠነኛ ዋጋ የምናገኝበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከሪዮሃ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚፈልግ ሰው ከካላታዩድና ከካምፖ ዴ ቦርሃ የሚመጣ ጋርናቻን ይሞክር። ጋርናቻ ግሬናሽ ራሱ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። በእነዚህ አካባቢዎች ያረጁ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ የሚሰጡ ተክሎች ስላሉ ጣዕሙ ጥቅጥቅ ይላል። ከሁሚያ የሚመጣው ሞናስትሬልም እንዲሁ የሙርቬድር ሌላ ስሙ ሲሆን ከፍ ያለ አልኮልና የሥጋ ሥጋ ሽታ አለው፤ ለተጠበሰ በግ እንጂ ለረጅም ወጥ አይሆንም። ጋርናቻ ከክሪያንሳ ጋር ሲነጻጸር ፍሬያማነቱ ይበልጣል፣ አደረጃጀቱ ያንሳል። እንግዳ ሲኖር ክሪያንሳን፣ ለራሴ ስጠብስ ጋርናቻን እከፍታለሁ።

የፖርቱጋል ወይኖች ብዙ ጊዜ የሚረሱ ናቸው። የዱሮ ሸለቆ በ1756 ድንበሩ በሕግ የተከለለ፣ በፖርት ወይን የታወቀ አካባቢ ቢሆንም ዛሬ ከእነዚያው ዝርያዎች ስኳር የሌለው ቀይ ወይንም ይሠራል፤ ቱሪጋ ናሲዮናል የሚሉት ዝርያ ሽታው ውብ ነው፤ ቲንታ ሮሪዝ የሚሉትም ቴምፕራኒዮ ራሱ ነው። ዝርያዎቹ ለውጭ ጆሮ እንግዳ ስለሆኑ ይመስለኛል ጥራታቸው የሚገባውን ያህል ዋጋ አይጠይቁም፤ ያም ለገዢው ይጠቅማል።

ቦሎቄ፣ ቋሊማ፣ እንጉዳይ

ቦሎቄና ቋሊማ ያለበት ድስት ጨውና ስብ ይበዛዋል፣ መሃሉ ደግሞ ዱቄትማ ነው። ዱቄትማ ምግብ ታኒን ሲበዛበት አፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይሆናል፤ ስለዚህ ካበርኔ እዚህ ቦታ የለውም። ኮርቢየርና ባርቤራ ይሆናሉ፤ ከሁለቱ ይልቅ ግን እኔ ቦዦሌን አስገባለሁ፤ ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። ቦዦሌ ጋሜ ከሚባል ዝርያ የሚሠራ ቀላል የፈረንሳይ ወይን ተብሎ ስለሚታወቅ ለበጋ ብቻ ይታሰባል። ሆኖም በየዓመቱ በፈረንጆች ኅዳር ሦስተኛው ሐሙስ ከሚወጣው ገና ትኩስ ከሆነው ቦዦሌ ኑቮ ሌላ፣ ክሩ የሚባሉ 10 መንደሮች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል ሞርጎንና ሙላን ኣ ቫን ጠንካራ፣ ለቋሊማ ስብ የማያንሱ ወይኖች ይሰጣሉ። ዋጋቸው ከዚህ ዝርዝር ከፍ ያለው ጫፍ ላይ ቢሆንም ቡርጎኝ ከሚባለው የፈረንሳይ አካባቢ ከሚመጣ ተመሳሳይ ደረጃ ወይን እጅግ ያነሰ ነው።

እንጉዳይ የበዛበት ምግብ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የእንጉዳይ የጣዕም ጥልቀት፣ ጃፓኖች ኡማሚ የሚሉት፣ ታኒንን ያሻክረዋል። መጻሕፍት ፒኖ ኑዋርን ያዛሉ፣ ትክክልም ናቸው። ነገር ግን በአነስተኛ ዋጋ ጥሩ ፒኖ ኑዋር ማግኘት ከሁሉ ይከብዳል፤ ዝርያው ለማብቀል አስቸጋሪ ስለሆነ ርካሹ በአብዛኛው ወይ ውሃማ ነው ወይ የተቀባባ ጣፋጭ። በዚያ ገንዘብ ክሪያንሳ ወይም የቦዦሌ ክሩ ቢገዛ የተሻለ ነው። ምግቡ ላይ ጨው መጨመርም ይረዳል፤ ሻካራ የመሰለው ወይን አንዳንዴ የሚጎድለው ቆንጠር የሚደረግ ጨው ነው።

ቃሪያ ለሚያቃጥለው ድስት የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ አልኮሉ ከ13.5 ከመቶ የማይበልጥ፣ ታኒኑ ዝቅ ያለ፣ ፍሬው የበዛ ወይን ይመረጥ። ወጣት ጋርናቻ አልኮሉ ስለሚበዛ አይሆንም፤ ባርቤራ ወይም ቦዦሌ ይሆናል።

ፕሪሚቲቮን በመጀመሪያው ታሪኬ ስላማሁት ፍትሕ ይገባዋል። ይህ የፑልያ ዝርያ ከካሊፎርኒያው ዚንፋንዴል ጋር አንድ ሲሆን በ2001 በክሮኤሺያ ጽርልየናክ ካሽቴላንስኪ የሚባል ጥንታዊ ዝርያ ተገኝቶ ሦስቱም አንድ መሆናቸው ተረጋገጠ። ጣፋጭነት የሚሰማበት ስጎ የተቀባ የአሳማ ጎድን ሲቀርብ፣ ሌሎቹ ወይኖች ሁሉ መራራ በሚመስሉበት ቦታ፣ እሱ ብቻ ይቆማል። የበደልኩት እኔ ነኝ፣ ያለ ቦታው አስቀምጬው። የደቡብ አፍሪካው ፒኖታዥም፣ በ1925 አብርሃም ፔሮልድ ፒኖ ኑዋርን ከሴንሶ ጋር አዳቅለው ያወጡት፣ ጭስ ጭስ የሚል ጠባይ ስላለው ለዚሁ ዓይነት ጥብስ ይሆናል።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

አንድ ባለ 225 ሊትር የኦክ በርሜል 300 ጠርሙስ ያህል ይይዛል፤ በርሜሉ አዲስ ሲሆን ውድ ነው፣ ወይኑ በውስጡ የሚቆይበት ጊዜም የታሰረ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በጣም ርካሽ ሆኖ የቫኒላና የቡና ሽታው አፍንጫ የሚሞላ ወይን ሲገኝ ሽታው በአብዛኛው የመጣው በጋን ውስጥ ከተነከረ የኦክ ፍልጥ ነው። ይህ ሕገወጥም ጎጂም አይደለም፤ ግን እንጨቱ ብዙ ጊዜ የፍሬውን ቅጥነት መሸፈኛ ይሆናል። በአነስተኛ ዋጋ የተሻለው ብልሃት በርሜል ያልነካውን፣ ፍሬው ራሱ የሚናገረውን ወይን መግዛት ነው። ክሪያንሳ ከዚህ ደንብ የሚወጣው እዚያ አካባቢ በርሜል የቆየ ልማድ ስለሆነና ያገለገሉ በርሜሎችም ስለሚሠሩበት ነው።

የጠርሙሱ ክብደት ስለ ወይኑ ምንም አይነግርም፤ ገዢው የሚከፍለው ለብርጭቆውና ለማጓጓዣው ነው። በጠርሙሱ ጀርባ የሚጻፈው «ከሁሉም ሥጋ ጋር ይስማማል» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ማንበብ የሚገባው አካባቢው፣ ዓመቱና የአልኮሉ መጠን ነው። አካባቢው ጠበብ ባለ ቁጥር፣ ለምሳሌ «ቺሊ» ብቻ ከሚል «ኮልቻጓ» የሚል ሲሆን፣ ወይኑ ከየትም ተሰብስቦ ያልተደባለቀ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ርካሽ ቀይ ወይን በመቆየት አይሻሻልም፤ ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ የከረመ ተራ ማልቤክ ወይም ኮት ዱ ሮን ቅናሽ ቢደረግበትም አልገዛም። የሚዞር የብረት ክዳንን መናቅም ተገቢ አይደለም፤ ቡሽ ወይኑን እርጥብ ካርቶን በሚመስል ሽታ የሚያበላሽበት ጊዜ አለ፣ የብረት ክዳን ግን ከዚህ አደጋ ነፃ ነው።

ሰው ለሚበዛበት ማዕድ 3 ሊትር የሚይዘው የካርቶን ወይን መታሰብ አለበት። አራት ጠርሙስ ማለት ሲሆን በውስጡ ያለው ከረጢት ወይኑ በወጣ ቁጥር ስለሚኮማተር አየር አይገባበትም፤ ከተከፈተም በኋላ ለሳምንታት ይቆያል። ምርጫው ጠባብ ነው፣ ጥሩ ኮት ዱ ሮን በዚህ መልክ ሲገኝ ግን ከተመሳሳይ ዋጋ ጠርሙስ አላሳንሰውም።

ድስት ውስጥ የሚገባውና ብርጭቆ ውስጥ የሚቀርበው

ለወጡ ማብሰያ ውድ ወይን ማፍሰስ ብክነት ነው፤ ረጅሙ እሳት ስሱን ሽታ ሁሉ ያበንነዋል። ሊጠጣ የማይችል ወይንም ድስት ውስጥ አይታረምም። ታኒኑ የበዛ ካበርኔ ሲፈላና ሲቀንስ ምሬቱ ስለሚጠራቀም ለማብሰያ ባርቤራ፣ ሜርሎ ወይም ቀላል ግሬናሽ ይሻላል። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም፤ ለ1 ሰዓት የተንተከተከ ወጥ ውስጥ ከተጨመረው አልኮል ሩብ ያህሉ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላም 5 ከመቶ ያህሉ ይቀራል። አልኮል ፈጽሞ የማይቀምስ ሰው ከማዕዱ ላይ ካለ ይህ ሊነገረው ይገባል።

የመጨረሻው ነገር ሙቀት ነው፤ ብዙ ጥሩ ወይን የሚበላሸው በዚህ ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይቀርባል የሚለው አባባል ማሞቂያ ያላቸውን ቤቶች አያውቅም። ብርድ በሆነበት ወቅት ቤቱ ሲሞቅ፣ ወጥ ቤቱም ድስት ለሰዓታት ሲንተከተክበት ሲውል፣ ጠረጴዛው ላይ የቆየ ጠርሙስ 23 ወይም 24 ዲግሪ ይደርሳል፤ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል፣ ፍሬውም የተቀቀለ ይመስላል። ለማልቤክ፣ ለኮት ዱ ሮንና ለክሪያንሳ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ለባርቤራና ለቦዦሌ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል። መለኪያ ለሌለው ሰው ጠርሙሱን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ ግን ታኒኑ ይነሣል። ወጣትና ሻካራ ካበርኔ ወይም ሞናስትሬል ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ወደ ሰፊ ማሰሮ ቢገለበጥ ይለዝባል። ጠርሙሱን ከፍቶ ብቻ መተው እምብዛም አይጠቅምም፤ አየር የሚያገኘው የአንገቱ ስፋት ያህል ብቻ ነውና። የተረፈው ክዳኑ ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ ቢቆም ከ3 እስከ 5 ቀን ይጠጣል፤ ወጡም በማግስቱ ስለሚጣፍጥ ሁለቱ አብረው ያልቃሉ።